«መኝታዋ የት ነው?» ብሎ የጠየቀ የለም

እነማይ ወይም ሁለት እጁ እነሴ ገጠር ያለ አባት ልጁን ዘጠነኛ ክፍል ሲያስገባ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። አብሯት ቢቸና ወይም ሞጣ ይመጣል። የምትከራየውን ክፍል ራሱ ገብቶ ያያል። በሩ ቁልፍ አለው ወይ? አከራዮቹ እነማን ናቸው? ግቢው ውስጥ ማን ያድራል? አብራት የምትሆን የሰፈር ልጅ አለች ወይ? ይህን ሳያጣራ ትቷት አይመለስም።

ያው አባት ልጁን ሪያድ ወይም ቤይሩት ሲልክ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ደመወዙ ስንት ነው?»

ደላላው ይህን ያውቃል። ሞጣ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፦ «ቤት ነጻ፣ ምግብ ነጻ፣ ደመወዟ ንጹሕ ትርፍ።» የተቀመጡት ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ያኔ ዝም አልኩ። ዛሬ ግን ልናገር፦ አረብ አገር ውስጥ ከቤት ሁሉ ውዱ ያ «ነጻ» የተባለው ቤት ነው።

ለምን? የምታድረው አሠሪዋ ቤት ከሆነ የሥራ ሰዓት የሚባል ነገር የለም። ሕፃን ሌሊት ቢያለቅስ ተነሺ እሷ ናት፤ እንግዳ እኩለ ሌሊት ቢመጣም እሷው ናት። የውጭውን በር ቁልፍ የያዘችው መዳም ናት። ፓስፖርቱም ብዙ ጊዜ የመዳም መሳቢያ ውስጥ ነው። «ከከፋት ወጥታ ትሂድ» እንዳትሉ፣ በከፋላ ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው። ሳዑዲ ውስጥ አሠሪው «ሁሩብ» ብሎ ካስመዘገባት ኢቃማዋ አደጋ ላይ ይወድቃል። ሥራዋም፣ ማደሪያዋም፣ ሕጋዊነቷም ያሉት በአንድ በር ውስጥ ነው። ያ በር ሲዘጋባት ሦስቱንም በአንድ ቀን ታጣለች።

ይህ ግምት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ፣ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው ቤይሩት ያለው ቆንስላችን ደጃፍ ላይ ጥለዋቸው ሄደዋል። መንገድ ላይ ሲያድሩ ዓለም በምስል አይቷል። «ነጻ ቤት» ማለት ይህ ነው፤ የሰጠ ሰው በፈለገ ቀን የሚነጥቀው።

«ታዲያ ተከራይታ ትኑር ነው የምትለው?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ በ1000 ሪያል ኪራይ ከፍሎ ቤተሰብ መርዳት ከባድ ነው። ከአሠሪ ቤት የወጡ እህቶቻችን በአንድ ክፍል ታጭቀው ያድራሉ፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ልባቸው ይርዳል። ይህን ምረጡ አልልም። የምለው ምርጫው የእሷ ይሁን ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የቤት ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 189 በአንቀጽ 9 ይህንኑ ይላል፦ አሠሪዋ ቤት ማደር አለማደሯን ተስማምታ ትወስን፣ በዕረፍቷ ቤት ውስጥ ለመቀመጥ አትገደድ፣ ፓስፖርቷ በእጇ ይሁን። ቅንጦት አልጠየቅሁም።

ሳዑዲ እ.ኤ.አ. በ2021 አሠሪ የመቀየር ደንቧን ስታላላ የቤት ሠራተኞችን ከዚያ ውጪ አድርጋለች። እኛ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. እስከ 500 ሺህ ሴቶች ወደዚያው ለመላክ ዘመቻ ጀመርን። ቁጥሩን ሁሉም ሰማ። የት እንደሚያድሩ ግን መነጋገሪያ ሆኖ አላየሁም። ሠራተኛ ለመላክ የሚፈራረም መንግሥት ከደመወዙ እኩል ስለ መኝታው መደራደር አለበት፦ ከውስጥ የሚቆለፍ የራሷ ክፍል፣ የማይቀማ ስልክ፣ በዕረፍት ቀን መውጣት፣ ከአሠሪ ቤት ስትወጣ ሕገ ወጥ ሳትባል የምታርፍበት መጠለያ።

በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤት በተዘጋበት በዚህ ጊዜ «አትሂጂ» ለማለት አፍ የለኝም። ወላጆች ግን ከመፈረሟ በፊት ደላላውን አፋጡት። የአሠሪው ስምና ሙሉ አድራሻ የታለ? ልጄ የምታድረው የት ነው? ከማን ጋር? ቁልፉ በማን እጅ ነው? መልስ ከሌለው ገንዘባችሁን አትስጡት።

ቢቸና ላይ ለአንዲት ክፍል ይህን ሁሉ የጠየቀ አባት፣ ሪያድ ላይ ሲሆን ይሉኝታ ሊይዘው አይገባም።