ፍላሹን ከካሜራው አናት አውርዱት

ሾላ ገበያ ልብስ የሚነግዱ ሰዎች ዕቃቸውን በቴሌግራም ማሳየት ከጀመሩ ወዲህ የሰፈሩ ወጣቶች ሲያገኙኝ «የትኛውን ካሜራ ልግዛ?» ይሉኛል። መብራቱን በምን ላይ እንደሚሰቅሉት የሚጠይቀኝ የለም። እኔ ደግሞ ቤቱ ውስጥ ስቱዲዮ የሚያቋቁም ሰው የመጀመሪያውን ብር ማውጣት ያለበት ለዚሁ ነው ባይ ነኝ።

የሐበሻ ቀሚስ ጥለትን እንይ። ፍላሹ ካሜራው ላይ ተቀምጦ ፊት ለፊት ሲበራ የክሩ ጥላ ከክሩ ኋላ ይደበቅና ጥለቱ የታተመ ቀለም ይመስላል። ያው ፍላሽ ከጎን ሆኖ ጨርቁን ታኮ ሲያልፍ ክሩ ብድግ ይላል። በየሱቁ የገባው ሪንግ ላይትም ችግሩ ይኸው ፊት ለፊት መሆኑ ነው፤ ለፊት ያምራል፣ ጥለት ይገድላል። ከሶኬት የሚሠራው ደግሞ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ትንሿ ፍላሽ ግን በባትሪዋ ትቀጥላለች።

የባልቲሞር ሰን ጋዜጣ ፎቶግራፈር የነበረው ዴቪድ ሆቢ በ2006 እ.ኤ.አ. ስትሮቢስት በተባለው ድረ ገጹ ማስተማር የጀመረው ይህንኑ ነው፤ ትንሿን ፍላሽ ከካሜራው ነጥሎ ማቆም። ለማቆሙ እኛ በያጅ አለን።

የብዙ ፍላሾች ካሜራው ላይ የሚሰካው እግር ስስ ነው። ብርሃኑን የሚያለሰልስ ጃንጥላ ተጨምሮበት አንድ ሰው ከገፋው ከሥሩ ይቀነጠሳል። ስለዚህ እግሩን ትቶ ገላውን አቅፎ የሚይዘውን፣ የኤስ ቅርጽ ያለውን መያዣ እመርጣለሁ። የጃንጥላው ዘንግ የሚገባበት ቀዳዳም አለው። ፍላሹን ከሩቅ የሚያበራው ትሪገር ካሜራው ላይ ይቀመጣል፤ ትእዛዙ በሬዲዮ ይሄዳል።

መያዣው ከሥሩ የሚቀበለው 16 ሚሊሜትር ዘንግ ነው። ብረት ቤት ገብታችሁ የ16 ለስላሳ ዘንግ ቁራጭ ጠይቁ፤ ሸንተረር ያለው ፌሮ ስለሚወፍር አይገባም። በያጁ ቁራጩን ላሜራ ላይ ያቆምላችኋል፣ እናንተ ላሜራውን በአራት ፊሸር ብሎኬቱ ላይ ታስራላችሁ። ወለሉ ላይ እግር የለ፣ የሚሰናከል ሰው የለ! በጠባብ ክፍል ከየትኛውም ውድ ስታንድ ይህን አስበልጣለሁ። ግድግዳው ጭቃ ከሆነ ፊሸር አይይዝም፤ ውስጡ የቆመውን ባሕር ዛፍ አንኳኩታችሁ ፈልጉና በእንጨት ብሎን እሱ ላይ እሰሩት።

አከራያችሁ ምስማር እንኳ የማያስመታ ከሆነ (የኛ ሰፈር አከራይ መቼም ይታወቃል) ባለ ሦስት እግሩን ስታንድ ግዙ። አንዱን እግር መብራቱ ወደሚያዘነብልበት አዙሩት፣ ሥሩ ላይ አሸዋ የሞላችሁበት ማዳበሪያ ጫኑበት። አሸዋውን ንቆ ጃንጥላ የዘረጋ ሰው በሩ በተከፈተ ቁጥር በነፋሱ ይደነግጣል።

የክፍሉን ጥበት አትፍሩት። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ገደማ ስለሚወርድ፣ ቅርብ የተሰቀለ ፍላሽ በትንሽ ኃይል ይበቃል፤ ባትሪውም ይበረክታል፣ የኋላው ግድግዳም ጨለም ይላል። ለሰው ፊት ከዓይን ከፍ አድርጋችሁ ወደ ጎን አውጡት፣ ፊት ለፊቱ ነጭ አቡጀዴ ወጥሩ። ለቅቤና ለማር ደግሞ ከኋላ በጎን ይምጣ። ቅቤ በትልቅ አምፖል ሥር ትንሽ ሲቆይ ማላብ ይጀምራል፤ ፍላሽ ግን ኃይሉ ሲቀነስ ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ላነሰ ጊዜ ብቻ ስለሚበራ ነጋዴዋ ቅቤዋን እንደመጣ ይዛው ትመለሳለች።