አምፖል በአምፖል ተለወጠ፤ ጉልቻስ በምን ይለወጥ?

በ2002 ዓ.ም. ገደማ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን አሮጌ አምፖል ይዞ ለመጣ ደንበኛው ኃይል ቆጣቢ አምፖል በነጻ ይለውጥ ነበር። መብራት በፈረቃ ሲታደል ከከረመ በኋላ የተደረገ ነውና ሥራው ደግ ነው፤ አንነቅፈውም። የምንነቅፈው ሚዛኑን ነው። ለመለወጥ አስቀድሞ አምፖል ሊኖርህ ይገባል! አምፖል የሌላት እናታችን ምን ይዛ ትሰለፍ?

እኛ ከእስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ ዙሪያ ገጠር የመጣን ተማሪዎች ነን። በቤታችን ያለው አሮጌ ዕቃ ሦስት ድንጋይ ነው። እንጨቱ ሲያልቅ ኩበቱ ይነዳል፤ ያውም ማሳውን ሊያዳብር የሚገባው ኩበት! ጭሱን የሚውጡት እናቶቻችንና እህቶቻችን ናቸው፤ እንጨቱንም ተሸክመው የሚመጡት እነርሱው።

መድኃኒቱ አልታጣም። በሲሚንቶና በአሸዋ የሚበጀው ምርት ምድጃ እንጀራ ሲጋገር የሚነደውን እንጨት በግማሽ ያህል ይቀንሳል። በ1980ዎቹ ተፈልስፎ እስከ ዛሬ አለ። ታዲያ የባለቆጣሪው አምፖል በነጻ ሲለወጥ፣ የገበሬዋ ምድጃ ስለምን አብዛኛውን ጊዜ ከራሷ መቀነት ይወጣል?

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ብለው የሚሳለቁብን አይጠፉም። ወጡን ለባለሙያዋ ይተዉላት፤ እኛ የምንናገረው ስለ ጭሱ ነው።

መንግሥትን የምንጠይቀው ያንኑ የአምፖሉን ሕግ ነው፤ አሮጌውን ላመጣ አዲሱ በነጻ ይሰጠው። እናቶቻችን ሦስቱንም ድንጋይ ይዘው ይመጣሉ።