ዲስክ መገልበጫው የዘገየ እንደ ሆነ



በየቤታችን ባለው አሮጌ ኮምፒዩተር ውስጥ የሙታን ወላጆቻችን ፎቶግራፍና ድምፅ ተከማችቶ ይገኛል። ይህን ሀብት መሣሪያው ሳይሞት በዲስክ ገልብጦ ለልጆች ማደል የቤት አስተዳዳሪ ተግባር ነው። ነገር ግን ብዙ ሰዎች ሥራው እጅግ ሲዘገይባቸው ተስፋ ቈርጠው ይተዉታል።

አንዲት የተከበሩ ጎረቤቴ የሟች ባለቤታቸውን ፎቶግራፍ በሙት ዓመቱ ቀን ለአምስት ልጆቻቸው ሊሰጡ አስበው ነበር። ዳሩ ግን አንዱ ዲቪዲ ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀባቸው። የጠሩት ሠራተኛም «መገልበጫው አርጅቷልና ይጣል» አላቸው። እኔም «እመቤቴ፤ ከመጣልዎ በፊት አንድ ነገር እንመልከት» አልኋቸው። ያየነው ነገር ለሌላውም ይጠቅም ዘንድ እነሆ እጽፈዋለሁ።

ዲቪዲ በአንድ እጥፍ ፍጥነት ሲገለበጥ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ በ8 እጥፍ ግን ከ10 ደቂቃ እምብዛም አያልፍም። እንግዲህ ፈጣኑ መገልበጫ እንደ ዘገምተኛው የሆነበት ምክንያት ምንድር ነው?

ነገሩን በግብር ቤት እንመስለው። ባለቤቱ አሳላፊዎቹን ትቶ ለእያንዳንዱ እንግዳ ጠጁን ራሱ የቀዳ እንደ ሆነ፤ ግብሩ ይዘገያል፤ እርሱም ሌላ ሥራ ሊሠራ አይችልም። የኮምፒዩተሩ አንጐል ጽሕፈቱን በየጥቂቱ ራሱ የሚያመላልስበት ሥርዓት «ፒአይኦ» ይባላል። አሳላፊው አመላልሶ አንጐሉ የሚያርፍበት ግን «ዲኤምኤ» ይባላል።

በፈረንጅ አቈጣጠር በ2001 ዓመት የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ፤ በማመላለሱ ላይ ስድስት ስሕተት የተቈጠረ እንደ ሆነ ፍጥነቱን በየደረጃው ይቀንሳል፤ ስሕተቱም ከቀጠለ በመጨረሻ ወደ ፒአይኦ ያወርደዋል። የተጫረ ወይም የቈሸሸ ዲስክ ማንበብ ብቻ ለዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። በጎረቤቴም ቤት ልጆች የተጫረ ዲስክ ደጋግመው ሞክረው ኖሯል።

መድኃኒቱ ይህ ነው። «ማይ ኮምፒዩተር» በሚለው ላይ በቀኙ ቁልፍ ተጭኖ «ፕሮፐርቲስ»፤ ቀጥሎ «ሃርድዌር»፤ ቀጥሎ «ዲቫይስ ማኔጀር» የሚለውን መክፈት ነው። በዚያም «አይዲኢ» ከሚለው ክፍል ሥር መገልበጫው የተያያዘበትን መስመር፤ ብዙ ጊዜ «ሰከንደሪ» የሚባለውን፤ ከፍቶ «አድቫንስድ ሴቲንግስ» የሚለውን ማየት ይገባል። «ፒአይኦ ኦንሊ» የሚል ቢገኝ «ዲኤምኤ ኢፍ አቬይለብል» ወደሚለው ይለወጥ። ተለውጦም እንኳ ሥራው በፒአይኦ የቀጠለ እንደ ሆነ፤ መስመሩን «አንኢንስቶል» ብሎ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ማስነሣት ነው፤ ዊንዶውሱ መስመሩን እንደ አዲስ አግኝቶ የቀድሞውን የስሕተት ቍጥር ይተወዋል።

ዳግመኛ የወደቀ እንደ ሆነ ግን ጥፋቱ በገመዱ ይሆናልና፤ ኮምፒዩተሩን ከኤሌክትሪክ ነቅሎ ጠፍጣፋውን ገመድ መመርመር ያሻል። ባለ 80 ሽቦው ከባለ 40ው ይልቅ ከስሕተት ይጠብቃል። ከዚህም ሌላ፤ በመገልበጥ ጊዜ ሌላ ሥራ አለማሠራት፤ ተራ ዲስክም ሲሆን ዝቅ ያለ ፍጥነት መምረጥ መልካም ነው። በ«ሳታ» ገመድ በሚሠሩት ኮምፒዩተሮች ዘንድ ግን አስቀድሞ የሚመረመረው ዲስኩና የተመረጠው ፍጥነት ነው።

የጎረቤቴ መገልበጫ በዚያው ማታ አምስቱንም ዲስክ ጨረሰ። እያንዳንዱንም ከፍተን ሳናይ ማሸጊያ አላደረግንለትም፤ ያልተመረመረ ቅጂ እንደ ሌለ ይቈጠራልና። አንድ ቅጂም በሌላ ማስቀመጫ እንዲኖር አደረግን።

ስለዚህ ወዳጆቼ፤ የዘገየ ሁሉ የሞተ አይደለም። መሣሪያውን ከመጣላችን በፊት ሥርዓቱን እንመርምር፤ የጠፋ መሣሪያ በገንዘብ ይተካል፤ የጠፋ የአባት መልክ ግን አይተካምና።