በአንድ ቤት ውስጥ ብዙ ተናጋሪ

ስለ ቤተ ሰብ ኑሮ በምንጽፍበት በዚህ ዓምድ ዛሬ የምነግራችሁ በዓይናለም በራሴ ቤት የሆነውን ነው። ባለፈው ወር አንድ እሑድ ማታ እናቴ በባሕር ማዶ ከሚኖረው ወንድሜ ጋራ በዋይፋይ ይነጋገሩ ነበር። እርሳቸው የእርሱን ቃል አጥርተው ሲሰሙ፥ እርሱ ግን «አደይ፥ ድምፅዎ ይቈራረጣል፥ አይሰማኝም» እያለ ይደጋግም ጀመር። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ ኢንተርኔት ከትግራይ ጠፍቶ ከሁለት ዓመት በላይ መቈየቱን አልረሱምና ፊታቸው ወዲያው ተለወጠ፤ «ደግሞ ሊዘጋ ነው?» ብለው ስልኩን ሰጡኝ።

መሥመሩ አልተዘጋም። በዚያው ሰዓት ሴት ልጄ የትምህርቷን ቪዲዮ ለመምህሯ፥ ወንዱ ልጅ የሠርግ ፎቶግራፍ ለጓደኞቹ፥ ሁለት እንግዶቻችንም የየራሳቸውን ይልኩ ነበር። ወደ ቤት የሚገባው መልእክት ከራውተሩ አንድ አፍ ስለሚወጣ ሥርዐት አለው፤ ከቤት የሚወጣው ግን ከብዙ አፍ ነው።

ችግሩ ዛሬ የተወለደ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በኖርማን አብራምሰን መሪነት አሎሃኔት የተባለውን የሬዲዮ መረብ ሲዘረጉ፥ ማንም መሣሪያ በፈለገው ጊዜ እንዲናገር ፈቀዱ። ሁለቱ ባንድ ጊዜ የተናገሩ እንደ ሆነ የሁለቱም ቃል ይጠፋል፤ ጥቂት ቈይተውም ይደግማሉ። በዚህ አኳኋን ቢበዛ ከመቶ 18 እጅ ያህሉ ብቻ ለፍሬ ይውላል። በ1997 የወጣው የዋይፋይ ደንብ አስቀድሞ ማዳመጥን አዘዘ። ነገር ግን የእኛ ቤት ግድግዳ እንደ አገሩ ልማድ ወፍራም ድንጋይ ነው፤ በጓዳ ያለው ስልክ በዕልፍኝ ያለውን አይሰማም፥ ራውተሩ ግን ሁለቱንም ይሰማል። ስለዚህ ጸጥታ መስሏቸው ባንድነት ይጮኻሉ።

እ.ኤ.አ. በ2021 የጸደቀውና በገበያ ዋይፋይ 6 የሚባለው ሥርዐት (እኛ ኢንተርኔት ባልነበረን ወራት መሆኑ ነው) እኛ የፍርድ ቤት ጸሐፊዎች የምናውቀውን መፍትሔ አመጣ፤ ይኸውም መጥሪያ ነው። ራውተሩ እያንዳንዱ መሣሪያ የሚልከው ምን ያህል እንደ ሆነ አስቀድሞ ይጠይቃል። ቀጥሎም ትሪገር የተባለውን መጥሪያ ይልካል፤ በእርሱም የተጠሩት እነማን እንደ ሆኑ፥ እያንዳንዱ በየትኛው የሞገድ ክፍልና እስከ መቼ እንደሚናገር ተጽፎበታል። ስፋቱ 20 ሜጋኸርዝ የሆነ መንገድ እስከ 9 ክፍል ሊታደል ይችላል። የተጠሩትም አንድ ሴኮንድ ለሚሊዮን ተከፍሎ 16 እጅ ያህል ብቻ ቈይተው ባንድነት ይጀምራሉ፥ ባንድነትም ይጨርሳሉ፤ ቃሉ ያጠረበት በባዶ ምልክት ይሞላዋል።

እዚህ ላይ ግን የችሎቱ ምሳሌ ያበቃል፤ በችሎት አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ይላልና። ይልቅስ የቄስ ትምህርት ቤትን አስታውሱ። አንዱ ፊደል፥ አንዱ ውርድ ንባብ፥ አንዱ ዳዊት ባንድነት እየጮኸ ሲያነብ፥ የኔታ የእያንዳንዱን ስሕተት ለይተው ያርሙ ነበር። (በጩኸቱ መካከል አፌን ብቻ ሳንቀሳቅስ የተያዝሁበትን ቀን እስከ ዛሬ አልረሳሁም።) በአጠገብ ያለው ብርቱ ድምፅ የሩቁን እንዳይሸፍን፥ ራውተሩ በመጥሪያው ላይ የድምፁን ልክ ይወስናል፤ የቀረበው ዝቅ፥ የራቀው ከፍ አድርጎ ይናገራል።

ይህን ሰምቼ አዲስ ራውተር ገዛሁ። ነገሩ ግን ወዲያው አልተቃናም፤ መጥሪያውን ማንበብ የሚችል አዲሱን ሥርዐት የሚያውቅ መሣሪያ ብቻ ነውና። በቤታችን የሚያውቁት የሴት ልጄ ኮምፒውተርና የወንድሟ ስልክ ናቸው፤ የእናቴ አሮጌ ስልክ እንደ ቀድሞው እየተጋፋ ይናገራል። የጎረቤት ራውተርም ለእኛ መጥሪያ አይታዘዝም፤ ከቤት ውጭ ያለው መሥመር የጠበበ እንደ ሆነም ይህ ሁሉ አይረዳም። ለእናቴ አዲስ ስልክ ልግዛ ብል «መሥመሩ ሲመለስ የልጄን ድምፅ የሰማሁበትን አልለውጥም» አሉኝ። እንግዲህ ከሁሉ የሚበልጥ የምትልከውን የሴት ልጄን ኮምፒውተር በገመድ ከራውተሩ ጋራ አገናኘሁት፤ ከአየሩም ወጣች።

በሚቀጥለው እሑድ ወንድሜ «አደይ፥ አሁን ይሰማኛል» አላቸው። እርሳቸውም ከዝናቡ ጀምረው፥ ማን እንደ ታመመ፥ ማን እንዳገባ፥ እኔ ምን ያህል ገንዘብ ለራውተር እንዳጠፋሁ ጭምር ሳያቋርጡ ነገሩት።