ስለ ራያ በዊኪፔዲያ የተጻፈውን እኛ ካላየነው ማን ይየው?



ዛሬ አንድ ሰው ስለ አንድ የእርዳታ ድርጅት ማወቅ ሲፈልግ ስልኩን አውጥቶ ስሙን ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ ከፊት የሚመጣለት ዊኪፔዲያ ነው። ሶደቃውን ለማን እንደሚሰጥ የሚያስበውም፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራው ተማሪም እዚያ ያነበበውን ይዞ ይሄዳል። ይህ መዝገብ ማንም ገብቶ ሊያርመው የሚችል ነው። ታዲያ ጉድለት እያየን ማለፋችን ምን ይባላል?

ከቅርባችን እንጀምር። ከቆቦ ተነስተን አላማጣን አልፈን የግራ ካህሱን ዳገት ስንጨርስ ኮረም ነው። የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረም የላከው ዘገባ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ሲተላለፍ ዓለም ደነገጠ። ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር ዘፋኞችን አሰባስበው ባንድ ኤይድን መሠረቱ፤ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት በለንደንና በፊላደልፊያ ተካሄደ። የአካባቢያችን ስም ከዚህ ድርጅት ታሪክ ጋር ተሳስሮ ቀረ።

እንዲህ ያለ ድርጅት ላይ የተጻፈን ጽሑፍ በአራት ነገር እንመዝነው እንላለን።

1. ምንጩ፦ ድርጅቱ ስለ ራሱ የሚናገረው ለተመሠረተበት ዓመት ይበቃ ይሆናል። ሥራው ፍሬ ማፍራቱን ግን ከድርጅቱ ውጭ ያለ ሰው መመስከር አለበት።

2. ሚዛኑ፦ የባንድ ኤይድ ዘፈን ርዕስ ተረጂዎቹ ገና መሆኑን ያውቁ እንደሆነ የሚጠይቅ ነበር። ክርስቲያኑ ገናን ለዘመናት ሲያከብር፣ ሙስሊሙ የራሱ ዒድ ባለው አገር ማለት ነው። የተሰበሰበውን ገንዘብ አመስግኖ ይህን ትችት የዘለለ ጽሑፍ ግማሽ ነው።

3. የክሱ መጨረሻ፦ በ2002 ዓ.ም. ቢቢሲ በአማፂያን ይዞታ ሥር ለነበሩ አካባቢዎች የተላከ የእርዳታ ገንዘብ ለመሣሪያ መግዣ ውሏል የሚል ዘገባ አቀረበ። በ2003 ዓ.ም. ግን የባንድ ኤይድ ገንዘብ ተዘርፏል የሚል ስሜት በመፍጠሩ ይቅርታ ጠየቀ። ክሱን ጽፎ ይቅርታውን የተወ ሰው ስም ያጠፋል፤ ሁለቱንም የደበቀ ደግሞ ታሪክ ያጠፋል። ሁለቱም ከነቀናቸው ይጻፉ።

4. ወቅታዊነቱ፦ የአገራችን ድርጅቶች ዛሬም በአዋጅ 621/2001 እንደሚተዳደሩ የሚናገር ጽሑፍ ካገኛችሁ ያረጀ ነው። ያ ሕግ በአዋጅ 1113/2011 ተተክቷል።

አማና የሚፈተነው ግን የራሳችን ጉዳይ ላይ ነው። የምንሠራበትን ድርጅት ገጽ ገብተን ማሳመር አይገባም። እርማት ካለን በገጹ መወያያ ላይ ማንነታችንን ገልጸን እናቅርብ። ተከፍሎት የሚጽፍ ሰውማ መከፈሉን የመግለጽ ግዴታ አለበት።

«ታዲያ የእኛ ቅሬ፣ የእኛ ማኅበር ለምን ገጽ የለውም?» የሚሉ አሉ። ዊኪፔዲያ ከማኅበሩ ነጻ የሆኑ ምንጮች ሰፋ አድርገው የጻፉለትን ነው የሚቀበለው። ቅር ቢለንም ደንቡ ልክ ነው፤ ባይኖር ኖሮ የባንክ ቁጥር ለጥፎ የሚለምን አጭበርባሪ ሁሉ ገጽ ይከፍት ነበር። ሆኖም ደንቡ የሚያስከትለውን እንወቅ። በ77ቱ ድርቅ ታሪክ ውስጥ ሰጪው ስም አለው፤ የራያ ሰው ግን ቁጥር ሆኖ ቀርቷል። ያለውን ተካፍሎ የበላው፣ እንግዳ ያስጠጋው፣ ሬሳ የቀበረው ቅሬ አልተጻፈም። ያልታተመውን ደግሞ ዊኪፔዲያ አይወስድም።

ስለዚህ ሥራው ሁለት ነው። በወልድያና በወሎ ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ ወንድምና እህቶቻችን፣ አዛውንቶቻችን በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ በጥናታችሁና በጋዜጣ አውጡት። ሌሎቻችን ደግሞ በዚህ ሳምንት አንድ ገጽ እንምረጥ፤ ማስረጃ የሌለውን ውዳሴ እናንሳ፣ አንድ ትክክለኛ ምንጭ እንጨምር። ይህን ለመሥራት የሚያስፈልገው ስልክና ትዕግሥት ብቻ ነው።

አላህ ያግዘን።