መልሱ ደቡብ ነው

የእህቴ ልጅ የሚኖረው ሜሪላንድ ነው። ቢቸና ተወልዶ፣ አዲስ አበባ አርክቴክቸር ተምሮ፣ ዲቪ ደርሶት የሄደ ልጅ ነው። ቀን በሰው ቢሮ ሲስል ይውልና ሌሊት ለሙያ ፈቃድ ፈተና ያጠናል። ፈተናው 6 ክፍል ሲኖረው አሁን የያዘው «ፕሮግራሚንግ ኤንድ አናሊሲስ» የሚሉትን ነው፤ ሕንፃ የሚያርፍበትን ቦታ ማጥናትና ለሕንፃው ምን ምን ክፍል እንደሚያስፈልግ መወሰን ማለት ነው። እሱ ሲያመሽ እዚህ ይነጋልና ቡናዬን ይዤ ስቀመጥ ይደውልልኛል።

«ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት። ብርድ አገር የሚሠራ ትምህርት ቤት መስኮቱ ወዴት ይዙር?»

«የት ነው ብርዱ?» አልሁት።

«የት እንደሆነ መጽሐፉ አይልም። ብርድ አገር ብቻ ነው የሚለው።»

«ቢቸናስ ብርድ አገር አይደለም?»

ዝም አለ። የማጠናከሪያ መጽሐፉ መልስ ደቡብ ነው። ለሚኒሶታ ልክ ነው፤ እዚያ የእኩለ ቀን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ናት። ቢቸና ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ተኩል፣ ሞጣ ደግሞ 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ናቸው። ከሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንት እስከ ነሐሴ 20 ገደማ የእኩለ ቀን ፀሐይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ ደቡብ ለቢቸናም ጥሩ መልስ ሊሆን ይችላል፤ ግን መልሱን የሸመደደው ልጅ ክረምት ሲገባ ፀሐይዋ ከጀርባው እንደምትዞር አያውቅም።

አሜሪካኖቹን ልወቅስ አይደለም። ለአገራቸው ያወጡት ፈተና ነው፣ ይመቻቸው። ጠቤ ከራሳችን ጋር ነው፤ ከራሴም ጭምር።

እኔ የሙያ ፈቃዴን ስቀበል የተጠየቅሁት ዲግሪ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤና ጉርድ ፎቶግራፍ ነበር። አንድ ሰው እንኳ «ና፣ እዚህ መሬት ላይ ቁምና የምታየውን ንገረኝ» አላለኝም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ተማሪ ከዩኒቨርሲቲ ሲወጣ የመውጫ ፈተና ይፈተናል፤ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ከአራቱ አንዱን ይመርጣል፣ 50 ከመቶ ካመጣ ያልፋል። ይህን ፈተና የሚያጣጥሉ አሉ፤ እኔ አላጣጥለውም። ኮምፒውተር አጎት የለውም፣ የአገር ልጅ አያውቅም። በዚህ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን መሬት በኤ፣ በቢ፣ በሲ ተከፍሎ አይመጣም፤ መርጦ የማለፍ ችሎታና አይቶ የመሥራት ችሎታ ለየቅል ናቸው።

ከየት አወቅኸው ለሚለኝ፣ ከጥፋቴ። ከዓመታት በፊት ለቢቸና አካባቢ የመማሪያ ክፍሎች ንድፍ ላይ ፈርሜአለሁ። ንድፉ ለብዙ ወረዳ የሚላክ አንድ ዓይነት ነበር፤ የኔ ድርሻ ከቦታው ጋር ማስማማት ነው ተባለ። እኔም ቦታው ላይ ግማሽ ቀን ዋልሁ፣ በየካቲት፣ በደረቅ። ሜዳ ነው፣ ለመንገድ ቅርብ ነው፣ ጥሩ ነው ብዬ ጻፍሁ። በሬያቸውን የሚነዱ አንድ ሽማግሌ ቆም ብለው አዩንና «ልጄ፣ ምን ልትሠሩ ነው?» አሉኝ። ትምህርት ቤት አልኋቸው። «እዚህ ላይ? ይኼ እኮ የጤፍ መሬት ነው» ብለው ሄዱ።

መሬታቸው የተወሰደባቸው ገበሬ ቅሬታ መሰለኝ። የቦታ ጥናት ነበር የነገሩኝ። የእነማይ ጥቁር አፈር፣ ዋልካው፣ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ጤፍ ይወደዋል፤ መሠረት ግን ዓመት በዓመት ይነሣል፣ ይወርዳል። ወይ አፈሩ ተቆፍሮ ወጥቶ በሌላ ይተካል፣ ወይ መሠረቱ ከሚያብጠው አፈር በታች ይወርዳል፣ ወይ ቦታው ይቀየራል። የአገሬው ሰው ሦስተኛውን ነው የሚመርጠው፦ ቤቱን ጭንጫው ላይ፣ እርሻውን ዋልካው ላይ። ሁለት ክረምት ሳያልፍ ወለሉ ተሰነጠቀ፣ በሩ አልዘጋ አለ። ልጆቹ በር ላይ ድንጋይ እያስደገፉ ተማሩ። ፊርማዬ እስካሁን ወረቀቱ ላይ አለ።

ስለ ዋልካ ትምህርት ቤት ተምሬ ነበር፤ ፈተና ላይ ቢመጣም እመልሰው ነበር። ያላወቅሁት ቆሜበት እንደነበር ነው።

ሞጣ ደግሞ ሌላ ተማርሁ። አንዲት የሞጣ ነጋዴ ቤት እንድሠራላቸው ጠየቁኝና የክፍሎቹን ዝርዝር እኔው ራሴ አወጣሁላቸው፦ ሳሎን፣ መኝታ፣ ምግብ ቤት፣ 2 ሜትር በ2 ሜትር ተኩል የሆነ ዘመናዊ ማድቤት። ጥያቄ አልጠየቅኋቸውም፤ ምን ሊሉኝ? በዓመቱ ሳልፍ ገባሁ። ከቤቱ ጀርባ በቆርቆሮ ሌላ ማድቤት ተሠርቷል፣ ምጣዱ እዚያ ይጨሳል። የኔው ማድቤት የጤፍ ጆንያ ሞልቶታል። «ምነው እትዬ?» ብላቸው፣ «የኔ ወንድም፣ ያንተ ለሻይ ጥሩ ነው» አሉኝ። የማኅበር ጠላ የት ይጠመቃል፣ የልቅሶ ድንኳን የት ይተከላል፣ በጉ የት ይታረዳል ብሎ ያልጠየቀ ሰው ያወጣው ዝርዝር ይህን ይመስላል። የኮንዶሚኒየም ፕሮግራሙ እንኳ፣ ስንቱን ብንነቅፍበት፣ እንጀራ መጋገሪያና በግ ማረጃ የሚሆን የጋራ ቤት ይኑር ብሎ አስቦ ነበር።

ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወርዱ ደግሞ ሰባራ ድልድይ አለ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ፋሲል ጊዜ እንደተሠራ የሚነገርለት ነው። ሠሪዎቹ ወንዙ ዓለት መሐል ገብቶ የሚጠብበትን ቦታ ፈልገው አገኙ፤ ይህ የቦታ ጥናት ካልሆነ ምን ይሆናል? በጣልያን ወረራ ጊዜ መሐሉ ተቆረጠና ጎጃሜና በጌምድሬ ለአሥርተ ዓመታት ወገቡን በገመድ ታስሮ እየተጎተተ ተሻገረ። ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ ይህን በመጽሔት ፎቶ አይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ብረት አምጥቶ ክፍተቱን ሞላው። በ2005 ጎርፍ ወሰደው። እነሱም ተመልሰው መጡና በ2009 ተንጠልጣይ ድልድይ ሠሩ። የማደንቀው መመለሳቸውን ነው። እኛ ወለሉ ከተሰነጠቀ በኋላ ወደ ሠራነው ቤት የተመለስን ስንቶቻችን ነን? እኔ ቢቸና እህቴን ልጠይቅ ስሄድ እንኳ በዚያ መንገድ አላልፍም።

ታዲያ ምን ይሁን ትላለህ ለሚለኝ፣ መልሴ ከቢቸና ብዙም አይርቅም፤ ዲማ ጊዮርጊስ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ የተማሩበት ደብር። የቅኔ ተማሪ ያስመሰክር ዘንድ ከአራት ቅኔ አንዱን ምረጥ አይባልም። ብቻውን ወጥቶ ይቆጥራል፣ ተመልሶ መምህሩ ፊት ይቀርባል፣ የራሱን ይላል፣ ይታረማል፣ ይነቀፋል፣ እንደገና ይወጣል። የሰው ቅኔ ይዞ የመጣ ያፍራል። የአርክቴክት ፈቃድም እንዲህ ይሁን። የምርጫ ፈተናው ይቅር አላልሁም፤ ይፈተን፣ ይለፍ። ከዚያ ግን አንድ የማያውቀው ቦታ ይሰጠው፤ አንዴ በሐምሌ፣ አንዴ በጥር ይሂድ። ውሃው ወዴት እንደሚወርድ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ ሰዉ በየት በኩል አቋርጦ ገበያ እንደሚሄድ ጽፎ ይምጣ። አፈሩን ራሱ ይቆፍር። ከዚያ ሦስት መርማሪ ፊት ይቁም። አንደኛው መርማሪ የዚያ ቀበሌ ሰው ይሁን።

ወጪው ይላሉ። የአውቶቡስ ቲኬት ከተሰነጠቀ ትምህርት ቤት አይበልጥም። አድልዎ ይገባል ይላሉ፤ ይህኛው እውነት ነው፣ ሰው ባለበት አድልዎ አለ። ስለዚህ ነው የኮምፒውተሩ ፈተና ይቆይ ያልሁት። በአድልዎ ፍርሃት ግን ሰው መሬት ሳይረግጥ ይፈረም ማለት አይቻልም። የሞያ ማኅበሮቻችንና ፈቃድ ሰጪዎቻችን ይህን ሳይነጋገሩበት ስለ ሕንፃ ጥራት የሚያደርጉት ስብሰባ፣ እኔም ብዙ ጊዜ ተጋብዤ ሻዩን ጠጥቻለሁ፣ ሻይ ከመጠጣት አያልፍም።

ልጁን ግን አልተውሁትም። ሰኔ ላይ እህቴን ቢቸና ደውዬ አንድ ሜትር እንጨት ግቢዋ መሐል ቀጥ አድርጋ እንድትተክል አደረግሁ። በእኛ በኩል ፀሐይ አናት የምትደርሰው 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሁለት ቀን ደመና ሆነ፣ በሦስተኛው ፈካ። ጥላው ወደ ደቡብ ወደቀ፣ 23 ሴንቲ ሜትር። ፎቶ አንስታ ላከችለት፤ ለኔም ደውላ «ይኼን ለማወቅ ነው አሜሪካ ድረስ የሄደው?» አለችኝ።

በማግሥቱ ልጁ ደወለ። ፎቶውን የሚያጠናበት ግድግዳ ላይ ለጥፎታል። ሌሊቱን ከዚያው መጽሐፍ የመለማመጃ ፈተና ሲሠራ አድሯል።

«ያቺ ጥያቄ ተመልሳ መጣች?»

«መጣች።»

«ምን አልህ?»

«ደቡብ ነዋ፣ ጋሼ። ማለፍ አለብኝ እኮ።»