ክርክራችንና የማድ ቤቱ ጢስ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለውን ተረት በማደሪያችን ክርክር ላይ ያላነሣ ተማሪ የለም ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ሹም ወርዶ ሹም ሲተካ፣ አዋጅ ተሽሮ አዋጅ ሲወጣ፣ አንዱ ይነሣና ይህንኑ ይተርታል፤ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል፤ ክርክሩም እስከ እኩለ ሌሊት ይዘልቃል። እኛም ከተራቾቹ አንዱ ነበርን። ዳሩ ግን ባለፈው የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ደሴ ወደሚገኘው ቤታችን በሄድን ጊዜ፣ ተረቱን ስንናገር ስንኖር ጉልቻውን አንድ ቀን እንኳ ጎንበስ ብለን አለማየታችንን ተረዳን። ስለዚህ ነገር ለተማሪ ጓደኞቻችን ጥቂት ለማለት እንወዳለን።

ነገሩ የጀመረው በዘፈን ነው። እናታችን ምስር ስትለቅም ወይም ቡና ስትቆላ አምባሰል ታንጎራጉራለች። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በአገሩ ስም የተጠሩለት የወሎ ሰው ማንጎራጎር ቢያበዛ አይፈረድበትም። እኛ በግቢያችን «ትዝታ ወደ ኋላ ይጎትታል ወይስ ወደ ፊት ያራምዳል?» እያልን ስንሟገት እሷ ያለ ሙግት ትዘፍናለች። በዚህ ዕረፍት ግን ዜማው መካከል ላይ እየተቆረጠ አስቸገረ። የሚቆርጠውም ሳል ነው። «ምነው እማዬ?» ብንላት፣ «ኧረ ብርድ ነው ልጄ፤ የደሴን ብርድ ረሳኸው እንዴ?» ብላ አለፈችው። ሕክምና ሄዳ የሳል ሽሮፕ ተሰጥቷታል፤ በምን እንደምታበስል ግን የጠየቃት የለም። ከማንም በፊት መጠየቅ የሚገባን እኛም አልጠየቅንም ነበር።

በማግስቱ የልጅ ወግ እናድርስ ብለን መኮትኮቻ ይዘን ወደ ጓሮ ወጣን። የእናታችን ጓሮ ሰፊ አይደለም፤ ጎመን፣ ጤና አዳም፣ በሶብላና ሁለት እግር ጌሾ አለበት፤ የሚጠጣውም የዕቃ እጣቢ ነው። ስለ እርሻ መሻሻል ጽሑፍ አቅርበን የተጨበጨበልን ሰዎች፣ አረም መስሎን ዳማከሴውን ከነሥሩ ነቀልነው። «ይኸ ትምህርታችሁ ምች የሚባል በሽታ አያውቅም ማለት ነው?» ብላ ሳቀች። እኛም አብረን ሳቅን። ሳቁ ሳሉን አስነሣባትና ቶሎ አልለቃት ሲል ግን ዝም አልን።

ያን ቀን የእንጀራ ቀን ነበረ። መብራት ከማለዳው ስለ ጠፋ የኤሌክትሪኩ ምጣድ እንደ ተከደነ ዋለ፤ ሥራው በሦስቱ ጉልቻ ላይ ሆነ። ማገዶ ልናቀብል ማድ ቤት ብንገባ ሩብ ሰዓት እንኳ መቆየት አቃተን፤ ዓይናችን አነባ፣ ጉሮሯችን ተከረከረ። እሷ ግን ጋግራ እስክትጨርስ ከዚያው አልወጣችም። እኛ ከመወለዳችን በፊት ጀምሮም ኑሮዋ እንዲሁ ነበረ። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ በቤት ውስጥ ከሚነድ ማገዶ፣ ከሰል፣ ኩበትና ከመሳሰለው በሚወጣው ጢስ ምክንያት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው በዓለም ላይ ሞቷል። ከነዚህም ውስጥ ከ237,000 የሚበልጡት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። በውነቱ ለመናገር፣ እኛ ስለ ሴቶች እኩልነት ጽፈን ጥሩ ማርክ ባገኘንበት ወራት፣ ጽሑፋችንን ያሳደገችው ሴት በዚያ ጢስ ውስጥ ነበረች። «ወንድ ልጅ ማድ ቤት አይገባም» ተብለን ስላደግን አላየንም ማለት ምክንያት እንጂ ይቅርታ አይሆንም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን፣ «ይህ የጓዳ ጉዳይ ነው፤ ተማሪ የሚታገለው ለትልቁ ጥያቄ ነው፤ የ1957ቱ ተማሪዎች ስለ ምድጃ ብለው አደባባይ አልወጡም» ይሉን ይሆናል። እውነት ነው፣ ስለ ምድጃ አልወጡም። ነገር ግን በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ያሉት፣ አራሹ ከድካሙ ፍሬ ለቤቱ ምን ይቀርለታል ብለው ነው። በ1958 ዓ.ም. በሾላ ስለ ታጎሩት ድኾች የጮኹትም ስለ ሰው እንጀራና መኝታ ነበረ። የእናታችንንም ጓሮ ቢሆን ፖለቲካ አልነካውም ማለት አይቻልም፤ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ አዋጅ ለአንድ መኖሪያ ቤት የሚሰጠው ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ሲወስን፣ አያታችን አጥራቸውን ወደ ውስጥ ስበዋል። ጎመኑ የቆመበት ድንበር የአዋጅ ድንበር ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም እንዳለው ሲነገር እኛም ከሌላው ጋር ጨፍረናል፤ መጨፈራችንም ተገቢ ነው። ከግድቡ እስከ ምጣዱ ድረስ ያለው መንገድ ለምን እንደሚበጠስ ካልጠየቅን ግን ጭፈራችን ጎደሎ ይሆናል። ይህን መጠየቅ ፖለቲካ ካልሆነ ፖለቲካ የሚባለው ምን እንደሆነ አናውቅም።

እስኪ ወደ ተረቱ እንመለስ። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ ላያጣፍጥ ይችላል፤ ጢሱን ግን ሊቀንስ ይችላል። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው፣ እሳቱን ዙሪያውን የሚከልለው የእንጀራ ምድጃ በአገራችን ከ1980ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ሲሆን፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቆጥባል። እኛም ልጆች እያስጠናን ካጠራቀምነው ገንዘብ አንዱን ገዝተን አስገባን፤ በማድ ቤቱ ግድግዳም መስኮት አስከፈትን። እናታችንንም ሐኪም ዘንድ ወስደን ሳንባዋን አስመረመርን፤ ክትትል ያስፈልጋታል ተባልን። ሳሉ ወዲያው ጠፋ ብለን አንዋሽም፤ የብዙ ዓመት ጢስ በአንድ ሳምንት አይወጣም። ሩብ ሰዓት ያስመረረን ማድ ቤት ግን አሁን አጠገቧ ቁጭ ብሎ ለማውጋት የሚያስችል ሆኗል።

እንግዲህ ለማኅበራችን አባሎች የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በሚመጣው ዕረፍት እያንዳንዳችን በየቤታችን ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ፤ በምን ታበስያለሽ? ምንሽን ያምሻል? ማን ያግዝሻል? መልሱንም ይዘን እንመለስና በማኅበሩ የክርክር ምሽት እናቅርበው። የሳይንስ ተማሪዎች ይለኩ፤ እኛ የሥነ ጥበብ ፋኩልቲ ተማሪዎች እንጻፍ፤ ለሚመለከተውም ክፍል በአንድነት እንጠይቅ። ስለ ሕዝብ ስንናገር እናቶቻችንን ከሕዝቡ ቆጥረን እንናገር።

ዳማከሴውን በዚያው ዕለት መልሰን ተክለነዋል። መጽደቅ አለመጽደቁን በክረምት ስንሄድ እናያለን።